በማን አፍ? መቼ? በምን መልክ? ከመንገድ ላነሳናት ውሻ ትዝታ ስንጽፍ

ቡሌን ያገኘኋት በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ኮተቤ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ፣ ትርፍራፊ የተደፋበት ሳፋ ውስጥ ጭንቅላቷን ከትታ ነበር። አንድ የኋላ እግሯን ታነክሳለች። ዘበኛችን ገና ሲያዩዋት «ቡሌ» አሏት፤ በዚያው ቀረ። ሰባት ዓመት አብራን ኖራ በ2014 ጥቅምት ላይ ሞተች።

ውሻ ሞተችብኝ ስትሉ ከሰው የምትሰሙት ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ሌላ አምጪያ!» ነው። ሁለተኛው «አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?» ነው። ለሁለተኛው መልስ አዘጋጅቻለሁ። ጃንሆይ እንኳ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው። ይኸው፣ አፍ ይዘጋል።

ዋናው ችግር ግን ወረቀቱ ፊት ስትቀመጡ ነው የሚመጣው። አማርኛ ለሞተ ሙሾ አለው። ለጻድቅ ገድል አለው። ለሚናገር እንስሳ ተረት አለው። ምንም ጀብዱ ሳትሠራ በረንዳ ላይ ተኝታ ለኖረች ውሻ የተዘጋጀ ነገር የለውም። እኔ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጀምሬአለሁ። መጀመሪያ ሙሾ ሆነ። ቀጥሎ ተረት ሆነ። ሦስተኛው ገድል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነቃሁ።

እንግዲህ እናንተም ብትጀምሩ የሚገጥሟችሁን ምርጫዎች አንድ በአንድ ላነጻጽርላችሁ። መለኪያዬ አንድ ናት። ገጹን ሳነበው ውሻዋ ትታየኛለች ወይስ የሚታየኝ ራሴ ብቻ ነው?

ማን ይናገር?

ሦስት አማራጭ አለ። ውሻዋ ራሷ ትናገራለች፤ ለእሷ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፤ ወይም እናንተው ትናገራላችሁ። በደረቁ ከማወራ አንድ ሌሊት ወስጄ ሦስቱንም ላሳያችሁ። ያመጣኋት ቀን ማታ ዝናቡ ይወርዳል። በረንዳው ላይ ጆንያ አነጠፍኩላት። እሷ ግን ሙሉ በሙሉ አልገባችም።

ውሻዋ ስትናገር፦

«ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም። ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ብድግ ብዬ ለመሮጥ እንዲመቸኝ ወገቤን ውጭ ተውኩት።»

ሲነበብ ደስ ይላል። ግን ከየት አመጣሁት? ቡሌ ለምን እንዳልገባች እኔ አላውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልገባኝን ነገር በአንድ መስመር ፈትቼ አረፍኩ። አንባቢም ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም።

ቋንቋችን የሚያመጣው ሌላ ጣጣም አለ። ውሻ አማርኛ ከተናገረች ማንን «አንቱ»፣ ማንን «አንተ» ትላለች? እናቴን «እርስዎ» ስትላት ጎረቤት የመጣች ልጅ መሰለችኝ። «አንቺ» ስትላት ባለጌ ሆነችብኝ። ዘበኛችንንስ «ጋሼ» ትበላቸው? አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ ጠፋብኝ፤ እውነቴን ነው።

ደግሞ የኛ ሰው እንስሳ ሲናገር ከሰማ ሰምና ወርቅ መፈለጉ አይቀርም። ውሻዋ ማን ናት? አጥንቱስ ምንድን ነው? ሦስት ገጽ ለአንድ ጓደኛዬ ላክሁለት። «ጅቡን አውቄዋለሁ፣ ጎበዝ!» ብሎ ጻፈልኝ። ጅቡ ጅብ ነበር። ኮተቤ ማታ ማታ ከተራራው የሚወርድ፣ እውነተኛ ጅብ።

የምትጽፉት ለልጆች ከሆነ ግን ሳታመነቱ ይህንኑ ምረጡ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ያደገ ልጅ ውሻ መናገሯ አይገርመውም። ወርቅም አይፈልግም።

በደብዳቤ ሲሆን፦

«ጭንቅላትሽን በረንዳው ላይ አሳረፍሽ። ወገብሽ ዝናብ ላይ ነበር። ለምን አልገባሽም?»

ይሄ ያማል፤ ጥሩ ሕመም ነው። ጥያቄው ሳይመለስ መቅረቱንም ወድጄዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው አሥረኛው ገጽ ላይ ነው። መጣሽ፣ በላሽ፣ ጮኽሽ፣ ተኛሽ… «ሽ» ጆሮ ይሞላል። ወንድ ውሻ ከሆነ ደግሞ «ህ» እና «ክ» ነው፤ ያው ነው። ከዚያም በላይ ለእሷ የምታውቀውን ነገር መልሳችሁ ስትነግሯት ትገኛላችሁ። «ዘበኛችን እኮ የሚተኙት በሩ አጠገብ ነበር» ብሎ ነገር አለ? ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሁለት ሦስት ገጽ ከሆነ፣ በተለይ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ከሆነ፣ ደብዳቤን የሚያህል የለም። ለሙሉ መጽሐፍ ግን አይሆንም።

እኔው ስናገር፦

«ጭንቅላቷን በረንዳው ላይ አሳረፈች። ወገቧ ዝናብ ላይ ነበር። ጆንያውን ሳብ አድርጌ ጠራኋት። አልመጣችም። ጠዋት ስነሳ ፊቷ ደርቋል፤ ጀርባዋ ይተናል።»

የመረጥኩት ይህንን ነው። ደረቅ ነው ትሉ ይሆናል። ግን ያ የሚተን ጀርባ በሁለቱ አማራጮች ውስጥ አልነበረም። እሷ ራሷ ጀርባዋን አታየውም። ደብዳቤው ደግሞ ስሜቴን ሊነግራት ሲጣደፍ ዘለለው።

አደጋ የለውም አልልም። «እኔ» ስትሉ ቀስ በቀስ መጽሐፉ ስለ እናንተ ደግነት ይሆናል። ለዚህ የምጠቀምባት ዘዴ አለች። አንድ ገጽ ላይ ባለቤቱ እኔ የሆንኩበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ አሰምራለሁ። ከግማሽ ካለፈ ገጹን እንደገና እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ያሰመርኩበት ገጽ ከ22 ዓረፍተ ነገር 17ቱ የኔ ነበሩ። አፈርኩ።

መቼ ይጻፍ?

በሕይወት እያለች፣ እንደሞተች ወይስ ቆይቶ?

እንደሞተች የምትጽፉት ሙሾ ነው። አይቀርም። የኔ የመጀመሪያው ረቂቅ 40 ገጽ ነበር። «የቤቴ መብራት» የሚል አለበት። «ጠባቂዬ» የሚል አለበት። ቡሌ ምንም ጠብቃ አታውቅም። ሌባ ገብቶ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ሲወስድ ጅራቷን እየቆላች ሸኝታዋለች። ሙሾ ላይ ይህ አይገባም። ሟች አይታማም።

ቆይቶ መጻፍ ሌላ ወጥመድ አለው። በሦስተኛው ዓመት ስቀመጥ ቡሌ ጻድቅ ሆናለች። አትነክስም፣ አትሰርቅም፣ ያለ ምክንያት አትጮኽም። አንድ ቀን እናቴ «የንስሐ አባታችንን ጥላ ረሳሽው?» አለችኝ። እውነትም ረስቼዋለሁ! ቡሌ ጥላ አትወድም ነበር። ቄሱ በመጡ ቁጥር ጥላቸውን እስኪዘጉ ድረስ በር ላይ አሳራቸውን ታሳያቸዋለች። እሳቸው በዝናብ እየበሰበሱ «ያዟት!» ይላሉ። ይህንን የረሳ ሰው ትዝታ ጻፍኩ ማለት የለበትም።

ውሻችሁ አሁን አጠገባችሁ ካለች ዛሬውኑ ጀምሩ። መጽሐፍ አትጀምሩ፤ ደብተር ግዙና የምታደርገውን ብቻ መዝግቡ። እኔ በሕይወት እያለች የጻፍኩት አራት ገጽ ብቻ ነው። ምንም ሳይነካ መጽሐፉ ውስጥ የገባው ግን እሱ ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። ወተት የሚያመጣው ልጅ ገና ከመታጠፊያው ሳይደርስ ጅራቷ የበሩን ቆርቆሮ ይመታል። ሦስቴ።» ሦስቴ መሆኑን ዛሬ ከየት አመጣው ነበር?

ከሞተች በኋላ ከሆነ የምታስቡት ሁለቱን ለዩአቸው። ዝርዝሩን ወዲያው ሰብስቡ፤ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የሳህኗን ቀለም። ጽሑፉን አቆዩት። ለውሻ ተዝካር አይወጣም እንጂ አርባዋ ሳይወጣ አትጀምሩ እላችሁ ነበር።

በጊዜ ቅደም ተከተል ወይስ በዕቃ?

ብዙ ሰው ከተገኘችበት ቀን ጀምሮ እስከሞተችበት ይጽፋል። ቀላል ነው፣ አንባቢም አይጠፋበትም። ግን ከውሻ ጋር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከመጣችበት ወርና ከሞተችበት ወር በቀር መሀሉ አንድ ቀን ነው። ትነሳለች፣ ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ትጮኻለች። በቅደም ተከተል ከጻፋችሁት «ከዚያ… ከዚያ… ከዚያ» ብሎ ይቀራል።

ሌላው መንገድ በዕቃና በቦታ መከፋፈል ነው። ገመዱ፣ ሳህኑ፣ በሩ፣ ሁዳዴ። እኔ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በጊዜ አስሬ መሀሉን በዕቃ ጻፍኩት። ለምን እንደመረጥኩት የገመዱ ምዕራፍ ያሳያችኋል።

በሁለተኛው ሳምንት ቡሌ ነከሰችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እየበላች ሳህኗን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብኩ። ከዚያ ወደ ሕክምና። ያኔ የተሰጠኝ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፣ ለ14 ቀን። እሷ ደግሞ ታስራ 10 ቀን ትታይ ተባለ። እስከዚያ ጤነኛ ከሆነች መርፌው ይቆማል። ዘበኛችን የአህያ መጫኛ አመጡ። ጠዋት ሆዴን ተወግቼ እመጣለሁ። ግቢው ውስጥ ባለው የጽድ ዛፍ ሥር ከታሰረች ውሻ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ቁጭ እላለሁ። ውሃ ጠጣች? ምራቋ ይዝረበረባል? ድምጿ ተለውጧል? እሷም እኔን ታያለች። በአሥረኛው ቀን ያንን መጫኛ ፈታሁት። አልሄደችም።

ይህንን በጊዜ ቅደም ተከተል ብጽፈው «ነከሰችኝ፣ ታከምኩ፣ ዳንኩ» ነበር። ገመዱን ስይዝ ግን 10ሩ ቀናት ተዘረጉ። ያው ገመድ ቆይቶ ልብስ ማስጫ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን ስታሰጣ ቡሌ ከሥሩ ትተኛለች። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ያገናኘልኝ ዕቃው ነው።

የሁዳዴው ምዕራፍም እንዲሁ የሰባት ዓመቱ ሁዳዴ በአንድ ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ አጥንት የለም። እናቴ ጸበል ስለምትጠጣ ቡሌን በእጇ ነክታት አታውቅም። ግን «እሷ ምን በወጣት ትጾማለች?» እያለች የማይጾሙ ጎረቤቶች ጋር አጥንት ልመና የምትሄደው እሷ ናት። በነገራችን ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጅቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ አለ። በሁዳዴ የቄራ ትርፍ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ማደን ያበዛሉ ይላል። እናቴን ነገርኳት። «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አለች።

ክፉውን ይጻፉ ወይስ ይተዉ?

ንክሻዋን ጻፉ። ስርቆቷንም ጻፉ። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። የነከሰች ውሻ የምትጽፉ ከሆነ ግን ሳሙናውንና ክትባቱንም አብራችሁ ጻፉ። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍበትም ማለት ይቻላል። «እኔ ምንም አልሆንኩም» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት አንዱ አንባቢ ቤቱ ይቀመጣል።

የሰው ክፋት ግን ሚዛን ይፈልጋል። አንድ ጎረቤት ለቡሌ መርዝ የነካው ሥጋ ጣለላት። ተረፈች። ስሙን መጻፍ አማረኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሁለት አማራጭ ነበረኝ፤ ሙሉ ታሪኩን በስሙ መጻፍ ወይም ጭራሽ መተው። ሁለቱንም ትቼ ድርጊቱን ጻፍኩ፤ የሰውየውን ማንነት ግን አጠፋሁት። ስም መቀየር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የበሩን ቀለም፣ ሥራውን፣ የመኪናውን ዓይነት ሁሉ ቀይሩ። የሰፈር ሰው ከበር ቀለም ያውቃል። ሰውየው ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ቡሌን ይወዷት ነበር።

የሞቷስ ነገር? 11 ገጽ ጽፌ ነበር። የሐኪሙ ቃል፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ ያለቀስኩበት ቦታ ሁሉ አለበት። ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረድኩት። የመጨረሻው መስመር «ወተት የሚያመጣው ልጅ መጣ። ቆርቆሮው አንዴ ጮኸ።» የሚል ነው። ረጅሙን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ፤ እንዲሁ ይቀመጥ።

በምን መልክ ይውጣ?

እዚህ ላይ ብዙም አልቆይም፤ ጉዳዩ የገንዘብና የአንባቢ ነው።

ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ መልቀቅ ነፃ ነው፣ ለመጻፍም ያነሳሳል። ጉዳቱ የትኛው ቁራጭ ብዙ የልብ ምልክት እንደተሰጠው እያያችሁ ለልብ መጻፍ መጀመራችሁ ነው። የሚያስለቅሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

የፎቶ አልበም ከአጫጭር መግለጫ ጋር ከሆነ ዲጂታል ማተሚያ ቤት 10 እና 20 ቅጂ ያወጣላችኋል። ለቤተሰብ ይበቃል። ኦፍሴት፣ ማለትም በብረት ሰሌዳ (ፕሌት) የሚታተመው፣ የሚያዋጣው ብዙ ቅጂ ስታሳትሙ ነው። የፕሌቱና የዝግጅቱ ወጪ ለ50ም ለ1,000ም ያው ስለሆነ፣ ጥቂት ስታሳትሙ አንዱ ቅጂ ወርቅ ይሆናል። ለመሸጥ ካሰባችሁ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ያስፈልጋችኋል፤ ለዚህ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሄደው። ለዘመድ ለማከፋፈል ከሆነ አትድከሙ። የቅጂ መብቱ እንደሆነ ከጻፋችሁበት ደቂቃ ጀምሮ የእናንተ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዕድሜ ልካችሁንና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ቡሌ ከሁላችንም በላይ ትኖራለች ማለት ነው።

አንድ ምክር ግን ከልቤ ነው። ከመተየባችሁ በፊት ማተሚያ ቤቱን በምን ፊደል እንደሚሠራ ጠይቁ። እኔ ሁሉንም በዩኒኮድ፣ ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው የፊደል አሠራር ጻፍኩት። ገጽ የሚያሰናዳው ልጅ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የፊደል ፕሮግራም ነበር የሚሠራው። ጽሑፌ ሲከፈት ሙሉ ገጽ ሳጥን ሆነ። መተየብ የሚሰለቻችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ በድምፅ ጻፉ፤ ጎግል አማርኛ መስማት ከጀመረ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ለኔ አራት ነጥብ አልጣለልኝም፤ «ቡሌ»ንም «በሌ» ብሎ ጻፋት። ግን ስትናገሩት የሚወጣው አማርኛ ስትተይቡት ከሚወጣው ይበልጣል። የኔ የሁዳዴ ምዕራፍ የተጻፈው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚለውንም አስቤበታለሁ። የእህቴ ልጆች ሜሪላንድ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም። ብተረጉምላቸው ቡሌ የሌላ ሰው ውሻ ትሆንባቸዋለች። ስለዚህ አነበብኩላቸውና በድምፅ ላክሁላቸው። አልጋ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ትንሹ የጥላውን ታሪክ አሥር ጊዜ አስደግሞታል።

መጀመሪያ ማን ያንብበው?

ሁለት ሰው ነበረኝ። አንዱ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ሌላው ዘበኛችን ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። ጓደኛዬ ጠቃሚ ነገር ነግሮኛል። «እንደ» የሚለው ቃል በዝቷል አለ፤ ልክ ነው፣ 60 የሚሆን አወጣሁ። ምሁር አንባቢ ዓረፍተ ነገር ያርምላችኋል።

ለዘበኛችን ግን ሦስት ማታ በሩ አጠገብ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ይሰማሉ። በሁለተኛው ማታ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ግራ ነው ያልሽው?»

«አዎ ጋሼ፣ ግራ የኋላ እግሯን ታነክስ ነበር።»

«ቀኝ ነው።»

ተከራከርኩ። ሰባት ዓመት አብሬያት ኖሬ! እሳቸው ተነስተው ከጽድ ዛፉ እስከ በሩ ድረስ እያነከሱ ሄዱ፤ አረማመዷ፣ አቋቋሟ፣ ሁሉም እሷው። ስልኬን አውጥቼ የድሮ ቪዲዮ ፈለግኩ። ቀኝ ነው። እኔ ሁልጊዜ የማያት ፊት ለፊቴ ስትመጣ ነበር፤ እሳቸው ከኋላዋ።

ገጽ 3፣ 19፣ 44 እና 71 ላይ «ግራ» የሚለውን ሰረዝኩ። ገጽ 71 ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ አብሮ ወደቀ።